ይርጋ ማነው?

ልጅቷን ያገኘኋት ፖሊስ ጣቢያ ደርሳ በተመለሰች ማግስት ነው። «ልጅቷ» ማለቴ ከልማድ ነው እንጂ ያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። ዘመኑ 2015 ዓ.ም.፣ ቦታው እዚሁ አዳማ፣ ከመናኸሪያው ብዙም የማይርቅ አንድ ቡና ቤት በረንዳ ላይ። ያገናኘን የጋራ ወዳጃችን «አንተ ጋዜጣ ላይ ስለምትጽፍ ምክር አታጣም» ብሎኝ ነበር። ጋዜጣ ላይ የሚጽፍ ሰው ምክር አለው የሚለው እምነት አገራችን ውስጥ መቼ እንደተጀመረ እንጃ።

«ምን አሉሽ?» አልኳት።

«ይርጋ ያግደዋል አሉኝ።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያማ ‹ይርጋ ማነው? አለቃችሁ ከሆነ እሱን ላነጋግረው› አልኳቸው። ተሳሳቁብኝ።»

እውነቱን ልናገር፤ እኔም ሊያመልጠኝ ምንም አልቀረኝም። ፊቷን ሳይ ነው የዋጥኩት። የሰው ስም መስሏት ነው፤ አይፈረድባትም። ይርጋ የሚባል ሰው የማያውቅ ማን አለ? እኔ ራሴ ሁለት አውቃለሁ፤ አንዱ ስልክ ጠጋኝ፣ አንዱ የሒሳብ መምህር፤ ሁለቱም የማንንም መንገድ አግደው አያውቁም። የሕጉን ይርጋ ግን ማን ያስተዋውቃት? ይርጋ ማለት «የረጋው አይናወጥ» እንደማለት ነው። ባለመብቱ ሳይጠይቅ፣ መንግሥትም ሳይከስ የተወሰነ ዓመት ካለፈ ነገሩ እንደረጋ ይቆጠርና የፍርድ ቤቱ በር ይዘጋል። ለዱቤና ለእርሻ ድንበር ጥሩ ነገር ነው፤ አልቃወምም። ግን እስቲ ንገሩኝ፤ በዘጠኝ ዓመት ሕፃን ላይ የተሠራ ነገር «ረጋ» ሲባል፣ የረጋው ለማን ነው? ለእሷ ነው?

ታሪኳን የምጽፈው በፈቃዷ ነው፤ የምትለይበትን ሁሉ አውጥቼዋለሁ። ከአርሲ ገጠር ናት። በ1998 ዓ.ም. «ከተማ ወስደን እናስተምራት» ተብሎ ከስምጥ ሸለቆ ከተሞች ወደ አንዱ ስትመጣ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። በዚህ መስመር የኖረ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ከሞጆ ተነስቶ መቂን፣ ባቱን (የድሮዋን ዝዋይ)፣ አርሲ ነገሌንና ሻሸመኔን እያቋረጠ በሚወርደው መንገድ ግራና ቀኝ፣ «እናስተምራት» ተብላ የመጣች ልጅ ያለችበት ግቢ ስንት ነው? አንዳንዷ በርግጥ ትማራለች፤ ማታ፣ ሰሃኑ ከታጠበ በኋላ። የአንዳንዷ ደብተር ግን መሶቡ ሥር እንደተቀመጠ ዓመቱ ያልቃል። ወላጅ ገጠር ነው፤ ስልክ የለም፤ ቢኖርም የሚደወለው በጋሼ ስልክ፣ ጋሼ አጠገብ ተቁሞ ነው።

የቤቱን አባወራ «ጋሼ» ትለው ነበር። ያን ክረምት ሚስቱ ገበያ በወጣች ቁጥር ይጠራታል። ዝርዝሩን አልጽፍም፤ እሷም አልዘረዘረችልኝም። መስከረም ሲጠባ ጠፍታ አክስቷ ዘንድ ሄደች። «ለምን መጣሽ?» ሲሏት «ይመቱኛል» አለች። መመታትን መናገር ይቻላል፤ ሰውም ይሰማል፣ ከንፈር ይመጣል፣ ያልቃል። ለሌላው ነገር ቃል የት አባቷ ታገኛለች? ትልልቆቹም ቃል የላቸው። «አበላሻት» ነው የምንለው። በዳዩ ሳይሆን ልጅቷ ናት በአፋችን የምትበላሸው።

እኔንም መጀመሪያ «ጋሼ» ልትለኝ ጀመረችና ዝም አለች። «ይቺን ቃል አልወዳትም፤ በስምዎ ብጠራዎት ቅር ይልዎታል?» አለችኝ። ቅር አላለኝም።

ቤቴ ገብቼ የወንጀል ሕጉን አወጣሁ። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ግን ማንበብ እችላለሁ፣ መደመርም እችላለሁ። ለዚህ ጉዳይ ደግሞ ከመደመር የበለጠ ዕውቀት አያስፈልግም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው፣ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው ሕግ አንቀጽ 217 ይርጋውን በቅጣቱ ልክ ይሰፍራል። ሞት ወይም ዕድሜ ልክ ለሚያስቀጣ ወንጀል 25 ዓመት፣ ከ10 በላይ እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ለሚያስቀጣው 20 ዓመት፣ ከ5 በላይ እስከ 10 ለሚያስቀጣው 15፣ ከዚያ በታች ላለው ጽኑ እስራት 10። አሁን ወደ ሕፃናቱ ኑ። አንቀጽ 627 ከ13 ዓመት በታች ካለች ልጅ ጋር ግብረ ሥጋ የፈጸመውን ከ13 እስከ 25 ዓመት ያስቀጣል፤ ስለዚህ ይርጋው 20 ነው። ከዚያ መለስ ላለው ነውረኛ ድርጊት ግን የቅጣቱ ጣሪያ 10 ዓመት ነውና ይርጋው ወደ 15 ይወርዳል። ልጅቷ 13 ዓመት የሞላት፣ 18 ያልሞላት ከሆነች ደግሞ የዚሁ ዓይነት ድርጊት ጣሪያ 5 ዓመት ነው፤ ይርጋውም 10።

ቆጠራው ከመቼ ይጀምራል? ድርጊቱ ከተፈጸመበት ቀን፤ ተደጋግሞ ከሆነ ከመጨረሻው ቀን። ልጅቷ ካደገችበት ቀን አይደለም። ከዚያ ቤት ከወጣችበት ቀን አይደለም። የሆነባት ነገር ወንጀል መሆኑን ካወቀችበት ቀንም አይደለም። ዳኛው ዘንድ ያለው ሰዓት መዥገር መዥገር የሚለው ልጅቷ ገና ጥርስ እያወለቀች ሳለ ነው።

እንግዲህ ደምሩ። በአምስት ዓመቷ የተነካካች ሕፃን ሃያ ዓመት ሲሞላት ይርጋዋ አለቀ። በ13 ዓመቷ ከሆነ በ23 አለቀ። የእኔ እንግዳ ዘጠኝ ሲደመር አሥራ አምስት፤ ሃያ አራት። በ2013 ዓ.ም. በሩ ተዘጋ። ከአሥራ አምስቱ ዓመት ዘጠኙ ያለፈው እሷ አካለ መጠን ሳትደርስ ነው፤ ማለት በራሷ ስም ውል እንኳ መፈረም በማትችልበት ዕድሜ። ቀሪውን አብዛኛውን ደግሞ ቤይሩት፣ በሰው ወጥ ቤት ነው ያሳለፈችው። በሩ ሲዘጋም እዚያው ነበረች። የወደቡ ፍንዳታ የሰባበረውን መስኮት ስትጠርግ ከርማ፣ በ2014 ዓ.ም. አገሯ ገባች። በ2015 ድፍረት አግኝታ ጣቢያ ሄደች። ሁለት ዓመት ዘገየች ማለት ነው፤ እንደ ሕጉ።

አንድ የሕግ ባለሙያ ወዳጄ ይህን ስነግረው «የሚከሰው እኮ እሷ አይደለችም፤ ዐቃቤ ሕግ ነው» አለኝ። ልክ ነው። ግን ዐቃቤ ሕግ ያልተነገረውን ከየት ያመጣዋል? የሚነግረው አዋቂ መሆን አለበት። አዋቂው ደግሞ ወይ ራሱ በዳዩ ነው፣ ወይ የበዳዩ ሚስት፣ ወይ በዳዩ ጤፍ በዱቤ የሚሰጠው ጎረቤት። ጎረቤቱ አይቶ ዝም ቢል የሚጠይቀው የለም፤ በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 443 አይቶ አለመጠቆም የሚያስቀጣው በሞት ወይም በዕድሜ ልክ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ሲሆን ነው። አዋቂው ሁሉ ዝም ማለት ተፈቅዶለታል። ዝም ስላለች የምትቀጣው ሕፃኗ ብቻ ናት።

ወዳጄን ያናደድኩት ግን በሌላ መጽሐፍ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ዕዳ ይርጋ ሲያወራ አንዲት ለስላሳ አንቀጽ አለችው፤ 1853። ባለገንዘቡ ከባለዕዳው ጋር ባለው የሥጋ ወይም የጋብቻ ዝምድና የተነሳ ገንዘቡን በጊዜው ሳይጠይቅ ቀርቶ እንደሆነ፣ ዳኛው የይርጋውን መቃወሚያ ሊያልፈው ይችላል ትላለች። አያችሁ? ለአጎቱ አምስት ሺህ ብር አበድሮ «አጎቴን እንዴት ልክሰስ?» ብሎ ያፈረ ጎልማሳ ሐፍረቱ በሕግ ታውቆለታል። አጎቷ የደፈራት ልጅ ያፈረችው ሐፍረት ግን የትም አልተጻፈም። ሕጉ ይሉኝታን የሚያውቀው ስለ ብር ሲሆን ነው።

ለመሆኑ ይህ የወንጀል ይርጋ ከየት መጣ? ከአያቶቻችን አይደለም። የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት የጄኔቫው ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ናቸው፤ የ1996ቱም ሕግ የይርጋውን አጥንት ከዚያው ወርሷል። እንግዲያው ስዊሶቹ ዛሬ ምን እያደረጉ እንደሆነ ማየት ደግ ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 30 ቀን 2008 በሕፃናት ላይ የሚፈጸም የወሲብ ወንጀል ይርጋ አይኑረው የሚል ሐሳብ ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ። መንግሥታቸውም ምክር ቤታቸውም «አይሆንም፣ ተቃወሙት» ብለው ነበር። ሕዝቡ በ51.9 በመቶ አሳለፈው። ከ2013 ጀምሮ ከ12 ዓመት በታች ባለ ልጅ ላይ የተሠራ እንዲህ ያለ ወንጀል በስዊዘርላንድ ይርጋ የለውም። ልብሱን ያዋሰን ሰው ራሱ ጠቦት ቀየረ፤ እኛ አሁንም «ልካችን ነው» እያልን ለብሰነዋል።

«ፈረንጅ ነዋ!» የሚለኝ አይጠፋም። ደቡብ አፍሪካን ልንገረው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ፣ በልጅነታችን በድሎናል ያሉ ስምንት ሰዎች ሲድኒ ፍራንክል የተባለን ቱጃር ከሰሱ። የአገሪቱ ሕግ ከመድፈር መለስ ላሉት የወሲብ ወንጀሎች የ20 ዓመት ይርጋ ነበረው፤ ልክ የእኛን ይመስላል፤ «ከባዱ» እና «ቀላሉ» ብሎ ሕፃን የሚመዝን ሚዛን። ክሱ ሳይቋጭ ሰውዬው በ2017 ሞተ። በዓመቱ፣ በሰኔ 2018፣ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ያ የ20 ዓመት ገደብ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ጣለው። ሰዎቹ ሰውዬውን በሰንሰለት አላዩትም። አገሩ ግን በሩን ከፈተ።

አውስትራሊያም በየተቋማቱ የተበደሉ ልጆችን ጉዳይ የሚመረምር ንጉሣዊ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2017 አስቀምጣ ነበር። ለኮሚሽኑ ቀርበው ከተናገሩት ሰዎች መካከል የደረሰባቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ለመናገር የወሰደባቸው ጊዜ በአማካይ 23.9 ዓመት ሆኖ ተገኘ። አማካይ ነው እንግዲህ። ያውም ስልክ ደውለህ አማካሪ በምታገኝበት አገር። እኛ በአብዛኛው ይርጋውን ከ20 ሳናሳልፍ፣ ቆጠራውን ከድርጊቱ ቀን ጀምረን፣ «ለምን ዘገየሽ?» እንላለን።

የራሳችንም ታሪክ አለ። ወሎ ውስጥ ጃሪ በሚባል ቦታ፣ መቀመጫውን ሎዛን ያደረገ የስዊዘርላንድ እርዳታ ድርጅት የሚያስተዳድረው የወላጅ አልባ ሕፃናት መንደር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መንደሩን ይመራ የነበረው እንግሊዛዊ ዴቪድ ክርስቲ ወንዶቹን ልጆች ያስነውር ነበር። ጉዳዩን አደባባይ ያወጡት ባልና ሚስት የእርዳታ ሠራተኞች መጀመሪያ የገጠማቸው ምስጋና አይደለም፤ ድርጅቱን ይቅርታ እንዲጠይቁ ተገደው ነበር። እነሱ ግን አልተኙም። ክርስቲ ከውጭ አገር ተይዞ መጥቶ በ2003 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ጽኑ እስራት ተፈረደበት። ከዚህ ታሪክ እኔን የሚያስጨንቀኝ ይቅርታው ነው። ዝም ማሰኘት የቻለ ሰው ዓመት ይገዛል። ዛሬ አንድ፣ ነገ ሁለት፤ ሃያ ሲሞላ ሕጉ ራሱ «ረጋ» ብሎ ማኅተም ይመታለታል።

የሕግ ባለሙያው ወዳጄ ያነሳውን ትልቁን ክርክር አልሸሽም። «ትዝታ ያረጃል፣ ምስክር ይሞታል፣ በሐሰት የተከሰሰ ሰው ከሃያ ዓመት በኋላ የት እንደዋለ በምን ያስረዳል?» አለኝ። ከባድ ነገር ነው። በቂም፣ በርስት ጠብ፣ በምርጫ ሰሞን ሰው ስም የሚያጠፋበት አገር ውስጥ ነው የምንኖረው። ግን ይርጋ ይነሳ ማለት ማስረጃ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ዐቃቤ ሕግ የማስረዳት ሸክሙ ላዩ ላይ እንዳለ ነው፤ ዳኛው ካልበቃው በነፃ ያሰናብት። የተሰማ ክስ ሲወድቅና ክስ ጨርሶ ሳይሰማ ሲቀር አንድ አይደለም። በመጀመሪያው ሰውዬው ንጹሕ ተብሎ ይወጣል። በሁለተኛው ንጹሕም ወንጀለኛም ሳይባል፣ በየሰርጉ ከፊት ወንበር ሽማግሌ ሆኖ ይቀመጣል።

ደግሞስ አሮጌ ወንጀል መዳኘት አንችልም ያለው ማነው? ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 28 ዘር ማጥፋትን፣ ያለ ፍርድ መግደልን፣ ሰው መሰወርንና ኢሰብዓዊ የድብደባ ድርጊትን ይርጋ አይነካቸውም ብሏል። የቀይ ሽብር ክስ በ1987 ዓ.ም. ሲከፈት ልጆቻቸው ከተገደሉባቸው ወደ ሃያ ዓመት የተጠጋ ጊዜ አልፎ ነበር። እናቶች ቀርበው መሰከሩ። የልጇን ሸሚዝ ቀለም የረሳች አልነበረችም። የመንግሥቱ ኃይለ ማርያም የጥፋተኝነት ፍርድ የተነበበው በ1999 ዓ.ም. ነው። ታዲያ የእናት ትዝታ ሃያ ዓመት ከቆየ፣ የገዛ አካሏ ላይ የተጻፈው እንዴት ይጠፋባታል?

«ልማዳችን አይፈቅድም፤ ገመና አደባባይ አይወጣም» የሚሉም አሉ። ልማድ ሲለወጥ አይተናል፤ ያውም እዚሁ አጠገባችን። እ.ኤ.አ. በ1996 የአሥራ አራት ዓመቷ አበራሽ በቀለ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፤ ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለች። በወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ መሥራችነት የተቋቋመው የኢትዮጵያ የሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆመላትና ፍርድ ቤቱ ራሷን ተከላከለች ብሎ በነፃ አሰናበታት። ያን ጊዜ ይሠራ የነበረው ሕግ የጠለፋትን ካገባችው ጠላፊው አይከሰስም የሚል ነበር። ጠልፎ፣ ደፍሮ፣ ድግስ ደግሶ ነፃ! የ1996ቱ ሕግ ይህን አወጣው። ሰማይ አልተደፋም። ልጆቻችንም አሁን ይጋባሉ።

እና ምን ይደረግ? እንደኔ እንደኔ በሕፃን ላይ የሚፈጸም የወሲብ ወንጀል ከባድ ቀላል ሳይባል ይርጋ አይኑረው። ይህ በዛ ካላችሁ፣ ቢያንስ ቢያንስ ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው ሰዓቱ አይቁጠር። ይህቺ የአንድ መስመር ማሻሻያ ናት፤ በጀት አትጠይቅ፣ ሕንፃ አትጠይቅ፣ ስብሰባ እንኳ ብዙ አትጠይቅ። መዘግየቷ ግን ዋጋ አለው። ሕገ መንግሥቱ የወንጀል ሕግ ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም ስለሚል፣ አንዴ የተዘጋን በር አዲሱ ሕግ መክፈቱ ያጠራጥራል። ስለዚህ «እየተጠና ነው» በተባለ ቁጥር፣ በየመስከረሙ፣ የአንድ ዓመት ሕፃናት በር እየተዘጋ ይሄዳል። በ1998 ዘጠኝ ዓመታቸው የነበሩት አልቀውላቸዋል። ቀጥሎ የ1999ኞቹ፣ ከዚያ የ2000ዎቹ።

በባሕር ዳር የተደፈረችውና የተገደለችው የሰባት ዓመት ሕፃን ጉዳይ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ሲሰማ አገር ተንጫጫ፤ ገዳይዋ 25 ዓመት መፈረዱ አነሰ ተባለ፤ ፊርማ ተሰበሰበ። ተገቢ ነው። እኔም ፈርሜያለሁ። ግን ለሞተችው የምንጮኸውን ያህል በሕይወት ተርፋ ከሃያ ዓመት በኋላ በራችንን ለምታንኳኳው ለምን አንጮህም? መልሱ ቀላል ይመስለኛል። የሞተችው ስም አትጠራም። የተረፈችው ትጠራለች፤ የምትጠራው ስም ደግሞ የምናውቀው ሰው ነው።

ያን ቀን ቡና ቤቱ በረንዳ ላይ፣ ፖሊሶቹ የጠየቋትን እኔም ጠየቅኋት፤ አፍሬበታለሁ። «ይኸን ሁሉ ዘመን ቆይተሽ፣ ለምን አሁን?» አልኳት።

«ለእኔማ ምን ይሆነኛል ብለው ነው?» አለችኝ። «ከቤይሩት ስመለስ ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ በዚያ ሰፈር አለፍኩ። በሩ ላይ ሌላ ልጅ አየሁ። የእኔን የምታህል።»

ከዚያ ወዲያ ለሚመለከተው ቢሮ ሄጄ ነገርኩ። በትሕትና ተቀበሉኝ። «ስለ አሁኗ ልጅ የቀረበ አቤቱታ አለ?» አሉ። የለም። «እንግዲያ የቀድሞዋ ትምጣና ትመስክር፤ ግን የእሷ ጉዳይ ይርጋ…» አሉና ዝም አሉ።

እኔም አንድ ቅዳሜ በዚያ ከተማ ሳልፍ ከመኪና ወረድኩ። ቤቱን ነግራኝ ስለነበር አልጠፋኝም፤ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር። ቢጫ ጀሪካን አጠገቧ ያስቀመጠች አንዲት ልጅ በሩ ላይ ቆማ ገመድ ትዘላለች። «ትማሪያለሽ?» አልኳት። «ለመስከረም ያስገቡኛል» አለች። ሌላም ልጠይቃት አፌን ስከፍት ከግቢው ውስጥ የወንድ ድምፅ ጠራት።

«አቤት ጋሼ!» ብላ ገመዷን ጥላ ሮጠች።